ሐዘን የሚነቀልበት ወንበር

ረቡዕ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። የእኔን በር የሚያንኳኳ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እማማ ሸጋዬ ናቸው። ሌላው ሰው ስልክ ይደውላል፤ እኔ አላነሳም፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እማማ ሸጋዬ ግን ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ስለሚኖሩ እግሬ ወለሉን ሲረግጥ ይሰማቸዋል። የለሁም ብዬ ልደበቃቸው አልችልም።

ሥራዬ የከሰዓት ፈረቃ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ፋብሪካ ውስጥ የተጣመመውን ክዳን ከቀናው እለያለሁ። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሰፈሬን ሽኩና ዩድ አሌፍን አያለሁ፤ ሕንፃዎቹን፣ በየገመዱ የተሰጣውን ልብስ፣ ከበረሃው በኩል የሚመጣውን አቧራ። በሰፈራችን ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ሥራ ፈት ነው የሚባለው። ስለዚህ የሰው ሁሉ ወረቀት እንዳነበው ወደ እኔ ይመጣል። የእማማ ሸጋዬ ወረቀት ግን እንዳነበው አልነበረም የመጣው። ሊነበብልኝ ነበር።

ግራ ጉንጫቸውን በሻሽ አስረው፣ የጥርስ ሐኪማቸውን ወረቀት እንደ ምስክር ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። አፋቸው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል።

«ተቀመጥ» አሉኝ በገዛ ቤቴ። «አንብቤ ስጨርስ ትናገራለህ።»

እማማ ሸጋዬ ማንበብ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ወደዚህ አገር ሲገቡ ሠላሳን ተሻግረው ነበር። ከዚያ ልጅ ማሳደግ መጣ፣ ሆቴል ማጽዳት መጣ፤ ፊደል ለመቁጠር ጊዜ ያገኙት ጡረታ ሲወጡ ነው። በሰፈሩ አዳራሽ ኢንባል የምትባል ልጅ ሰኞና ሐሙስ ትልልቅ ሴቶችን ዕብራይስጥ ታስተምራለች። እዚያ ከገቡ ወዲህ የማያነቡት ነገር የለም። የእርጎ ክዳን ያነባሉ። አውቶቡስ ውስጥ ማስታወቂያውን ጮክ ብለው ያነባሉ። ባለፈው ሊፍታችን ውስጥ የተለጠፈውን «ከስድስት ሰው በላይ አይፈቀድም» የሚለውን አንብበው ሰባተኛውን ሰው አስወረዱት። ሰባተኛው ሰው እኔ ነበርኩ።

«ሸጋዬ ንጉሴ» ብለው ጀመሩ። ስማቸውን ሲያነቡ ድምፃቸው ይደምቃል። «የፊታችን እሑድ። ጥርስ ሠላሳ ስድስት።» ቀና ብለው አዩኝ። «ሠላሳ ስድስተኛ ጥርስ ከየት አመጣሁ? አዞ ነኝ እንዴ? የቀሩኝን በምላሴ ስቆጥራቸው ሃያ ሦስት ናቸው።»

«ቁጥሩ የቦታው ነው፣ እማማ። እንደ ቤት ቁጥር ይበሉት።»

«እህ። አድራሻው ነዋ።»

ጣታቸው ወደ መጨረሻው መሥመር ወረደ። «ዐ...ኪ...ራት» አሉ። መንቀል ማለት ነው፤ ያውቁታል፤ የጎደሉት ጥርሶቻቸው ሁሉ የሄዱት በዚህ ቃል ነው። ቀጥሎ ያለው ሦስት ፊደል ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በሹክሹክታ ሞከሩት። ደገሙት። ከዚያ ድምፅ አውጥተው «ዔጼቭ» አሉና ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ሐዘን መንቀል» አሉ። «ሐኪሟ ሐዘኔን ልትነቅለው ነው።»

የዕብራይስጥ ፊደል እንደ እኛ ፊደል አይደለም። የእኛ ፊደል እግሩን ሰብሮ፣ ጎኑን ቀጥሎ፣ ካዕብ ነኝ ሣልስ ነኝ ብሎ ራሱን ይናገራል። የእነሱ ግን ለሕፃናትና ለጸሎት ካልሆነ በቀር ነጥቡን አውልቆ ራቁቱን ይጻፋል፤ ድምፁን የሚያለብሰው አንባቢው ነው። እነዚያን ሦስት ፊደሎች «ዐጻቭ» ብለህ ስታነባቸው ነርቭ ናቸው፤ ጥርስ ውስጥ ሆኖ የሚያሳብደው ክር ማለት ነው። «ዔጼቭ» ስትላቸው ሐዘን ይሆናሉ። ሐኪሟ የጻፈችው የጥርሱን ነርቭ አወጣለሁ ብላ ነው። ኢንባል ደግሞ እነዚያኑ ሦስት ፊደሎች ሰሌዳ ላይ ጽፋ አጠገባቸው የተከፋ ፊት ሥላ አሳይታቸዋለች። እማማ የተማሩትን ነው ያነበቡት።

«ነርቭ ነው፣ እማማ» ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ፊታቸውን አየሁት።

«ምንም አልነገርኳትም እኮ፣ ባዬ» አሉ ቀስ ብለው። «ባሌ ንጉሴ ሞተ አላልኳትም። ከሱ ወዲህ እንዲህ ሆንኩ አላልኳትም። አፍሽን ክፈቺ አለች፣ መብራቷን አበራች፣ አየች፣ ወረቀቱን ጻፈች። ውስጤ አይታው ነው።»

ዝም ያልኩት አዝኜላቸው ብቻ አይደለም። የእሳቸው ንባብ ከትክክለኛው የበለጠ እውነት መሰለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ እነዚያን ፊደሎች ስንት ሺህ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ነርቭና ሐዘን አንድ ቤት ውስጥ ተቃቅፈው እንደሚኖሩ ግን አንድም ቀን ልብ ብዬ አላውቅም። አንዲት በሰባ ዓመታቸው ፊደል የቆጠሩ ሴት በአንድ ጠዋት አገኙት።

«እንዲህ ይላል?» አሉኝ።

«እንዲህ ይላል» አልኩ።

እስከ ዓርብ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እማማ አማረች የሚባሉት ጎረቤታችን ደረጃ ላይ አስቁመውኝ፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ «ከምራት የመጣውንም ትነቅላለች?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። «ጠይቅልኝ፤ ጥርሱ እንኳ ደህና ነው» አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በሬ እንደገና ተንኳኳ። ሻሹ ጠብቋል፤ ዓይናቸው ጎድጉዷል። ሁለት ቀን ከአጥሚት በቀር የቀመሱት ነገር የለም።

«አልሄድም» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

ደነገጥኩ። ልጃቸው ኤላድ የጦር መኮንን ነው፤ የሚሠራው ሰሜን ነው፤ እናቱ በአማርኛ ሲያወሩት በዕብራይስጥ ነው የሚመልሰው። እሱ ያን ቀን ጠዋት ሦስት ጊዜ ደውሎልኝ በአራተኛው አንስቼ ነበር። ሐኪሟ እንዳለችው፣ እሑድ ካልታከሙ ቁስሉ ወደ መንጋጋው አጥንት ይወርዳል፤ ያኔ ነገሩ ሆስፒታልና ቢላዋ ነው። «እሷን ወደዚያ የሚያደርስልኝ ካንተ በቀር ሰው የለኝም» ብሎኛል።

«ለምንድነው የማይሄዱት?»

«አሰብኩበታ። ስማ። እኔ ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ሻይ እቀዳለሁ። አንዱ የኔ ነው፣ አንዱ የንጉሴ። የኔን እጠጣለሁ። ከዚያ የሱንም እጠጣለሁ። የሱ ስኳር የለውም፤ እኔ ደግሞ ስኳር የሌለው ሻይ ጠላቴ ነው። እየተማረርኩ፣ እሱን እየሰደብኩ፣ እጨርሰዋለሁ። ሦስት ዓመቴ።» ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደገፉት። «ነገ ሐዘኑን ከነቀለችው ሰኞ ጠዋት ምን ልሆን ነው? ተነሥቼ አንድ ብርጭቆ ቀድቼ፣ ስኳሬን ጨምሬ፣ ደስ ብሎኝ ልጠጣ ነው? ያቺ ሴት ማን ናት? እኔ አላውቃትም። ጥርሱ ይመመኝ።»

የረቡዕ ዝምታዬ ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ ገባኝ። ያማረ ቃል ብዬ አፌን ዘግቼ ለቀቅኩት፤ እሱ ሄዶ በሽተኛ አልጋ ላይ ሊጥልልኝ ነው።

«እማማ፣ ረቡዕ ዕለት ዋሽቻለሁ» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ዐጻቭን፣ ዔጼቭን፣ ራቁቱን ስለሚጻፈው ፊደል። ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ፤ የተቀበሉኝ መሰለኝ።

«ይሄን ማን አስተማረህ?» አሉ ስጨርስ።

«ማንም። እዚሁ አድጌ ነው።»

«እኔን መምህር ናት ያስተማረችኝ። ሥዕል ሥላ። አንተ ከመንገድ የለቀምከውን ነው የምትነግረኝ።» ቀጠሉና በአንድ ዓይናቸው አጮለቁብኝ። «ደግሞስ የዋሸኸው ረቡዕ ነው ወይስ ዛሬ? ኤላድ ደውሎልሃል፤ አውቃለሁ። ስልክ ስታወራ ትንጎራደዳለህ፤ ጣራዬ ይነግረኛል።»

«ይሁን። ሐኪሟን ራስዎ ይጠይቋት።»

«እጠይቃታለሁ። አፌን ግን አልከፍትላትም።»

«አፍዎን ሳይከፍቱ እንዴት አድርገው ይጠይቋታል?»

«ለመናገር የሚበቃውን ያህል ነው የምከፍተው።»

እሑድ ጠዋት ጥርሴን ሦስት ጊዜ ቦረሽኩ። ቀጠሮው የእኔ አይደለም፤ ግን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ከሄድኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በበሩ ስገባ ብቻ አይታ የምታውቅብኝ መሰለኝ። ክሊኒኩ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ነው፤ ሰው ጥርሱን አስጠግኖ ሲወርድ ማር የተቀባ ኬክ በር ላይ ይጠብቀዋል። ማን እንዳሰበው እንጃ፣ ሁለቱም ደንበኛ አይቸግራቸውም።

ዶክተር ናአማ ዖሜር ከምትባል የሀብታሞች መንደር በመኪና የምትመጣ፣ ቀጠን ያለች፣ በጣም ንጹሕ እጅ ያላት ሴት ናት። እማማን ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸውና አንድ ነገር በእግሯ ነካች። ወንበሩ በገዛ ራሱ ተነሣ፤ ጀርባው ወደ ኋላ ሄደ፣ እግሩ ቀና አለ። እማማ ሸጋዬ ነጠላቸውን እንደጨበጡ እንደ ሕፃን ተጋደሙ። ከላያቸው መብራቱ በራ። እንዲያ ያለ ብርሃን ሰው ላይ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም፤ በፊታቸው ላይ ያለው መሥመር ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ወዲያው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ከደኑት።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ በዕብራይስጥ፣ በጣታቸው መሐል። «ምን ያህሉን ነው የምታወጪው?»

«ሁሉንም» አለች ናአማ።

«ግማሹን ተይልኝ።»

«ግማሽ ብሎ ነገር የለም፣ ሸጋዬ። ትንሽ እንኳ ከቀረ ያማል።»

«ይመማ። ማመም አለበት።»

ናአማ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጥርስ ሥዕል አጠና ጀመር።

«እሺ፣ እንዲህ እናድርገው» አሉ እማማ፣ ገበያ ላይ እንዳለ ሰው። «ጥርሱን ውሰጂው። ምንም አልልም። ዔጼቩን ብቻ ተይልኝ።»

ቃሉን ስትሰማ ናአማ ቆመች። ወረቀቱን ከጠረጴዛው አነሣች፤ የገዛ ጽሕፈቷን አየች። ያን ጊዜ አንገቴን ደፍቼ ነገሩን ከረቡዕ ጀምሮ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ባለ ጎማዋ በርጩማ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«አሥራ አንድ ዓመት፣ በቀን አምስት ጊዜ እጽፈዋለሁ» አለች። «አንድም ቀን አላነበብኩትም ማለት ነው።» ከዚያ ወደ እማማ ተጠጋች። «ሸጋዬ፣ እኔ የምነካው ዐጻቩን ነው። ዔጼቭሽን አልነካውም። አላውቅበትም።»

«ታዲያ ለምን አንድ ዓይነት ጻፋችሁት?»

ናአማ አሰበች። «እኔ አይደለሁም። ከእኔ በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው።»

«እነሱ ደግሞ ዝም ብለው አይጽፉም» አሉ እማማ፤ እጃቸውንም ከአፋቸው አላነሡም።

ታች ዳቦ ቤቱ ውስጥ ቆርቆሮ ሲወድቅ ተሰማ። ናአማ ክንዷን ዘርግታ የኮምፒውተሩን ሰሌዳ ወደ እኛ አዞረች፤ የጥርሱ ራጅ በራ።

እኔ ራጅ አይቼ አላውቅም ልበል እንዴ? አይቻለሁ፤ የእጄን። ይህ ግን ሌላ ነበር። ጨለማው ውስጥ አንድ ነጭ ተራራ ቆሟል። ሁለት ሥሮቹን ወደ ታች ዘርግቶ አጥንቱን እንደ መሬት ነክሶታል። በተራራው ሆድ ውስጥ፣ ከአናቱ ተነሥታ በሁለቱ ሥሮች ተከፍላ የምትወርድ አንዲት ጠቆር ያለች መሥመር አለች፤ ሌሊት ከሩቅ የሚታይ መንገድ ትመስላለች። ይሄ ሁሉ እንግዲህ በአንድ የአሮጊት ጉንጭ ውስጥ ነው። ስንት ጊዜ በሊፍት አብረን ወርደናል፤ ይህን ተሸክመው።

«ይቺ ናት» አለች ናአማ፤ በእስክሪብቶዋ ጫፍ መሥመሯን ነካች። «የማወጣው ይቺን ብቻ ነው።»

እማማ ቀና አድርጉኝ አሉ። ወንበሩ ተነሣ። መነጽራቸውን ከቦርሳ አውጥተው አደረጉና ወደ ሰሌዳው ተጠጉ።

«ቁመቷ ይሄን ያህል ነው?»

«ይሄ ተልቆ ነው። እውነተኛዋ ሁለት ሴንቲ አትሞላም። ከክር ትቀጥናለች።»

በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል ሁለት ሴንቲ ለኩ። ልካቸውን ወደ ብርሃኑ አንሥተው አዩት። ከዚያ በአማርኛ እኔን ጠሩኝ።

«ባዬ፣ ንጉሴን ታስታውሰዋለህ?»

«አስታውሳቸዋለሁ፣ እማማ።»

«በር ሲገባ እንዴት ነበር?»

«ጎንበስ ይሉ ነበር።»

«ጎንበስ ብሎም ግንባሩን ይመታው ነበር። በየበሩ ይሳደብ ነበር። አልጋ ብንገዛ እግሩ ይተርፋል፤ ወንበር ጨመርንለት። ሲያስነጥስ የሦስት ሕንፃ ሰው ይማርህ ይለዋል።» እንደገና በጣቶቻቸው መሐል ያለውን ክፍተት አዩ፤ ቀጥለው ሰሌዳው ላይ ያለችውን መሥመር። ለረጅም ጊዜ አዩ። «እዚህ ውስጥ አይገባም» አሉ።

«ምን አለች?» አለች ናአማ።

ተረጎምኩላት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ራጁን ልክ መጀመሪያ እንደምታየው አድርጋ አየችው። ከዚያ እንደ ሐኪም፣ እንደምታረጋግጥ ሰው፣ «አይገባም» አለች።

እማማ ሸጋዬ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ተጋደሙ፤ አፋቸውን ከፈቱ።

ከንፈራቸው ሲነሣ ድዳቸው ላይ ያለው የልጅነት ንቅሳት ጠቁሮ ታየ። ናአማ መጀመሪያ ያየችው ዕለት በሽታ መስሏት እንደነበር ነገረችኝ፤ ጌጥ ነው ቢሏት ጊዜ አስፈቅዳ ፎቶ አንሥታዋለች። የማደንዘዣውን መርፌ ወጋቻቸው። ጥርሱን ብቻውን አስቀርታ ሌላውን በላስቲክ ከለለችው። ቀጥላ ከመስፊያ መርፌ የቀጠኑ ነገሮች በሦስት ጣቷ እያሽከረከረች ወደ ውስጥ ማውረድ ጀመረች። ከጎኗ ትንሽ መሣሪያ አለች፤ መርፌው ሲወርድ ጢ... ጢ... ትላለች፣ ወደ ሥሩ ጫፍ ሲጠጋ ትፈጥናለች፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሳታቋርጥ ትጮኻለች።

«እዚህ ላይ መቆም አለብኝ» አለችኝ ናአማ ቀና ሳትል። «እስከዚህ ጥርስ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለችው ሸጋዬ ናት።»

እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ። መተንፈስም የፈራሁ ይመስለኛል። በቀን ዘጠኝ ሺህ ክዳን በፊቴ ያልፋል፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በዓለም ላይ እንዳለ አላውቅም ነበር። ለአንድ ጥርስ። ለሠላሳ ስድስት።

ናአማ እጇን ወደ ኋላ ሳበች። በመርፌው ጫፍ ላይ አንዲት ቀይ፣ እርጥብ፣ ከቅንድብ ፀጉር ብዙም ያልወፈረች ነገር ተጠምጥማለች። ሳትጠየቅ ከእማማ ዓይን ፊት ያዘችላቸው። አፋቸው በላስቲክ ተከድኗል፤ መናገር አይችሉም። ግን አዩዋት፤ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። ሰፈር ሙሉ ሦስት ቀን ያወራላት፣ እንቅልፍ የነሳቻቸው ነገር እሷ ነበረች። ናአማ በጥጥ ጠቅልላ አስቀመጠቻት፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሥር ወረደች።

ስንወጣ ቀትር ሆኗል። ዳቦ ቤቱን አልፈን አውቶቡስ ማቆሚያው ጥላ ሥር ተቀመጥን። የእማማ ግራ ከንፈር ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ እስከ አገጫቸው ያለው ጎን በድን ነው።

«ያማል?» አልኩ።

«አያምም» አሉ፤ ቃሉ በቀኝ በኩል ብቻ ተንሻፎ ወጣ። «ጨርሶ አያምም።» ድምፃቸው ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። «ቆይ። አታናግረኝ። ልሞክረው።»

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የከንፈራቸው ቀኝ ጎን ብቻ «ንጉሴ» ሲል አየሁ። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ሾፌሩ አየን፣ እጄን አወዛወዝኩለት፣ ሄደ።

«ባዬ» አሉ በመጨረሻ፤ ዓይናቸውን አልገለጡም፤ ድምፃቸው ፈርቷል። «ባዬ፣ ምንም የለም። ፊቴ ላይ ምንም አይሰማኝም። ነቅላዋለች።»

ዞር ብዬ አየኋቸው። ከግራ ዓይናቸው የወጣው እንባ ጉንጫቸውን ወርዶ፣ የተንጠለጠለውን ከንፈር ዳር ተሻግሮ፣ በደነዘዘው አገጫቸው ላይ ደርሶ ተንጠልጥሏል። ሌላ እየተከተለው ነው። እሳቸው አያውቁትም።

«አገጭዎን ይንኩት፣ እማማ። በግራ በኩል።»

እጃቸውን አነሡ። ጣታቸው አገጫቸውን ፈልጎ አገኘው። ዓይናቸውን ገልጠው የረጠበውን ጣታቸውን ቀረብ አድርገው፣ አራቅ አድርገው፣ ፊደል እንደሚያነቡ አዩት።

«አለ» አሉ።

ጣታቸውን አልጠረጉትም። በሚቀጥለው አውቶቡስ ሄድን።